ሞተሩ የሚታደሰው ለደብረ ወርቅ ነው ወይስ ለአባይ በረሃ?

የደብረ ወርቅ ጤፍ ተጭኖ አዲስ አበባ እህል በረንዳ እስኪራገፍ ድረስ ብዙ ወጪ ይደራረብበታል። የጫኝና አውራጁ፣ የደላላው፣ የናፍታው ሂሳብ በየፈርጁ ይታወቃል። በደረሰኝ የማይታይ፣ ነገር ግን ከባለመኪናው ኪስ በየጉዞው የሚወጣ አንድ ወጪም አለ። እሱም ሞተሩ የሚከፍለው የከፍታ ግብር ነው።

ይህ ወጪ ዛሬ በርጋታ ሊታሰብበት የሚገባበት ምክንያት አለ። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ አሮጌ መኪና ከውጭ ማስገባትን እጅግ ውድ አደረገው። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ ደግሞ ከውጭ የሚመጣ ዕቃ ሁሉ በብር ሲተመን ዋጋው አሻቀበ። የጭነት መኪና ያለው ሰው አዲስ ከመግዛት ይልቅ ያለውን ማደስ ቢመርጥ አይፈረድበትም።

ሞተር አንዴ ከወረደ ግን ጥያቄ ይከተላል። እንደነበረው ይታደስ ወይስ ቱርቦ ይጨመርበት? ቱርቦ ከተጨመረስ የትኛው ፒስተን ይግባ? ግፊቱስ ስንት ይሁን? በዚህ መስመር ለሚሠራ መኪና መልሱ ከሁለት ቦታዎች ይገኛል። እመቃው የሚመረጠው በደብረ ወርቅ ንጋት ነው። የቱርቦው ግፊት የሚወሰነው በአባይ በረሃ ቀትር ነው። አንዱን አይቶ ሌላውን የረሳ እድሳት ለባለቤቱ ዕዳ ይሆንበታል።

የሳሳ አየር ዋጋ

ደብረ ወርቅ የእናርጅ እናውጋ ወረዳ መቀመጫ ስትሆን ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ትገኛለች። ጎሚስታ ጎማ ሲነፋ በሚያነበው ባር እንለካው ብንል፣ በጅቡቲ ወደብ የአየሩ ግፊት 1 ባር ያህል ነው። በደብረ ወርቅ ወደ 0.75 ባር ይወርዳል። ቱርቦ የሌለው ሞተር የሚስበው ይህንኑ የሳሳ አየር ስለሆነ፣ ፋብሪካው 100 የፈረስ ጉልበት ብሎ የጻፈለት ሞተር በዚህ ከፍታ ከ75 እስከ 80 ቢያወጣ ነው።

ጉዳቱ በጉልበት ብቻ አያበቃም። ፖምፓው ለቆላ እንደተስተካከለ ከቀረ አየሩ ሲቀንስ ናፍታው አይቀንስም። የሚነድበት አየር ያጣው ናፍታ ጥቁር ጭስ ሆኖ በማርመታ ይወጣል። በአቀበት ላይ ከጭነት መኪና ኋላ የሚታየው ጥቁር ደመና የተከፈለበት፣ ነገር ግን ያልተሠራበት ናፍታ ነው።

መፍትሔው ከታወቀ ቆይቷል። ስዊዛዊው መሐንዲስ አልፍሬድ ቡቺ በጭስ የሚሽከረከር የአየር መጭመቂያ ፈቃድ ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1905 ነው። እ.ኤ.አ. በ1918 ደግሞ አሜሪካዊው ሳንፎርድ ሞስ ሊበርቲ የተባለ የአውሮፕላን ሞተር ጭኖ 4,300 ሜትር ከፍታ ወዳለው ፓይክስ ፒክ ተራራ ወጣ። ቱርቦ ሳይኖር ጉልበቱ ክፉኛ የወረደው ሞተር፣ ቱርቦ ሲገጠምለት በባሕር ጠለል የነበረውን ጉልበት መልሶ አገኘ። ልብ ሊባል የሚገባው የመጀመሪያው ዓላማ ነው። ቱርቦ ያኔ የተፈለገው ከፍታ የወሰደውን ለማስመለስ ነበር። ለጎጃም ባለመኪናም የሚያዋጣው ይኸው ነው።

እዚህ ላይ ስም ማጥራት ያስፈልጋል። አየር እየጨመቀ ወደ ሞተር የሚያስገባ መሣሪያ ሁሉ በወል ስሙ ሱፐርቻርጀር ይባላል። ዛሬ ግን ስሙ በይበልጥ የሚሰጠው ከሞተሩ በቺንጋ ለሚነዳው ነው። በጭስ ኃይል የሚሽከረከረው ቱርቦ ተብሏል። በቺንጋ የሚነዳው ከራሱ ከሞተሩ ጉልበት ይቀነስለታል፤ ፍጥነቱም ከሞተሩ ዙር ጋር የታሰረ ስለሆነ አየሩ ሲሳሳ እሱም አብሮ ይደክማል። ቱርቦው ግን አየሩ ሲሳሳ በፍጥነት እየተሽከረከረ የጎደለውን በከፊል ይተካል። የጭነት መኪና ፋብሪካዎች ቱርቦን የመረጡበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

እመቃ ምንድን ነው?

ፒስተኑ ታች ሲሆን በሲሊንደሩ ውስጥ ያለው ቦታ፣ ላይ ሲደርስ ከሚቀረው ቦታ ጋር ሲነጻጸር የሚገኘው ቁጥር የእመቃ ምጣኔ ነው። መካኒኮች ኮምፕሬሽን ይሉታል። ናፍታ የሚነደው ያለ ካንዴላ፣ በታመቀ አየር ሙቀት ስለሆነ ከፍ ያለ ምጣኔ ይፈልጋል። ቱርቦ ሲኖር ግን ወደ ሲሊንደሩ የሚገባው አየር አስቀድሞ የታመቀ ነው። በዚያ ላይ ፒስተኑ ሲያምቀው ግፊቱ ይበዛል። ፋብሪካዎች ለቱርቦ ሞተር ምጣኔውን ዝቅ የሚያደርጉት ለዚህ ነው።

በአገራችን በደንብ የሚታወቀውን የቶዮታ ላንድ ክሩዘር ሞተር እንይ። ዋን ኤች ዜድ የተባለው ቱርቦ የሌለው ሞተር 4,164 ሲሲ ነው፤ የእመቃ ምጣኔው 22.4 ነው። እዚያው ቤተሰብ ውስጥ ያለው ዋን ኤች ዲ ቲ በተመሳሳይ 4,164 ሲሲ ቱርቦ ይዞ ሲወጣ ምጣኔው 18.6 ሆነ። ፋብሪካው የቀየረው ይህን ቁጥር ብቻ አይደለም። ዋን ኤች ዜድ ናፍታውን በቅድመ ማቀጣጠያ ክፍል ሲረጭ ዋን ኤች ዲ ቲ በቀጥታ ፒስተኑ ላይ ይረጫል። ከእህል ጫኞቹ ወገን የአይሱዙን ፎር ኤች ኬ ዋን ብንወስድ ቱርቦና ኢንተርኩለር ያለው 5,193 ሲሲ ሞተር ሲሆን ምጣኔው 17.5 ነው። ስለዚህ ቱርቦ ገዝቶ በነባሩ ሞተር ላይ ማሰርና ቱርቦ ሞተር መሥራት አንድ አይደሉም።

ቁጥሮቹ ሲነገሩ

ናፍታው ከመንደዱ በፊት በሲሊንደሩ ውስጥ የሚኖረውን ግፊት በተለመደው የመማሪያ መጽሐፍ ቀመር ብናሰላው ግምታዊው ውጤት የሚከተለው ነው። የአባይን ግርጌ ከፍታ 1,100 ሜትር ገደማ፣ የአየሩን ግፊት ደግሞ 0.89 ባር አድርገን ወስደናል።

ምጣኔ 22.4፣ ያለ ቱርቦ፦ በባሕር ዳርቻ 66 ባር፣ በደብረ ወርቅ 50 ባር።

ምጣኔ 22.4፣ የ0.25 ባር ቱርቦ፦ በደብረ ወርቅ 66 ባር፣ በአባይ ግርጌ 76 ባር።

ምጣኔ 22.4፣ የ0.75 ባር ቱርቦ፦ በደብረ ወርቅ 100 ባር፣ በአባይ ግርጌ 109 ባር።

ምጣኔ 18.6፣ የ0.75 ባር ቱርቦ፦ በደብረ ወርቅ 78 ባር፣ በአባይ ግርጌ 85 ባር።

ከእነዚህ ቁጥሮች ሁለት ትምህርት ይገኛል። አንደኛ፣ በደብረ ወርቅ የመጀመሪያዋ ሩብ ባር የዕዳ መክፈያ ነች። ሞተሩ ጅቡቲ ላይ ቢሠራ ከሚያየው ግፊት አልፎ አይሄድም። ሁለተኛ፣ ያው ቱርቦ ሳይነካ በረሃው ሲወርድ ሞተሩን አብልጦ ይጫነዋል። ዌስትጌት የሚባለው የግፊት መልቀቂያ በተለምዶ የሚለካው ከአካባቢው አየር በላይ ያለውን ስለሆነ፣ የአካባቢው አየር ሲወፍር ጠቅላላው ግፊት አብሮ ያድጋል። ደብረ ወርቅ ላይ ተሞክሮ "ሸጋ ነው" የተባለ ሞተር እንግዲህ ግማሹን ፈተና ብቻ ነው ያለፈው።

ቀትርና ንጋት

ከጎሐ ጽዮን እስከ ደጀን መንገዱ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን፣ በሁለቱም ወገን ወደ 1,400 ሜትር የሚጠጋ ቁልቁለትና አቀበት አለ። በ2000 ዓ.ም. ማብቂያ በጃፓን ዕርዳታ ተሠርቶ የተመረቀው የሕዳሴ ድልድይ የሚገኘው በዚሁ ሸለቆ ግርጌ ነው። ጤፍ የጫነው መኪና ድልድዩን ተሻግሮ የጎሐ ጽዮንን አቀበት ሲጀምር ሦስት ነገሮች በአንድነት ይመጡበታል። አየሩ ወፍራም ነው፣ ሙቀቱ ብርቱ ነው፣ መኪናው በከባድ ማርሽ ቀስ ብሎ ስለሚሄድ ራዲያተሩ የሚያገኘው ነፋስ ጥቂት ነው። ቴስታታ የሚሰነጠቀው፣ ጓርኒሲዮን የሚበላው፣ ፒስተን የሚቀልጠው እንዲህ ባለው ቦታ ነው።

"እንዲያ ከሆነ እመቃውን አብዝተን ዝቅ እናድርገውና እንገላገል" የሚል ይኖራል። ችግሩ በኅዳርና በታኅሣሥ ንጋት ይመጣል። በብርዱ ሰዓት ቱርቦው አይሠራም። የሚያነሳው ጭስ ገና የለምና። ሞተሩ የሚነሳው በፒስተኑ እመቃ ብቻ ነው። አየሩም ሳስቷል፣ ብረቱም ቀዝቅዟል። ምጣኔው 18.6 የሆነ ሞተር በደብረ ወርቅ አየር ሲታመቅ በስሌት 39 ባር ሲያገኝ፣ 15 የሆነው 29 ባር ብቻ ያገኛል። በባትሪ ተንከባልሎ የሚነሳ ሞተር ከዚህም ያነሰ ነው የሚያገኘው። አነስተኛ እመቃ ያላቸው ዘመናዊ ሞተሮች በኮምፒውተር በሚታዘዝ የናፍታ ርጭትና በጥሩ ማሞቂያ ይነሳሉ። በአሮጌ ፖምፓ የሚሠራ መኪና ግን በየማለዳው መገፋት ይጀምራል።

ስለዚህ ለዚህ መስመር አማካዩ መንገድ የሚከተለው ነው። ሞተሩ ቱርቦ የሌለው ከሆነና ፒስተኑ ገና ደህና ከሆነ፣ እመቃውን ሳይነኩ ከሩብ ባር ብዙም የማያልፍ ግፊት መስጠት ይቻላል። ሞተሩ ወርዶ ፒስተኑ የሚቀየር ከሆነ ግን ፋብሪካው ለዚያው ሞተር የቱርቦ ዓይነት ሠርቶ እንደሆነ ማጣራት ይቀድማል። ለምሳሌ የአይሱዙ ፎር ኤች ጂ ዋን፣ 4,570 ሲሲ የሆነው፣ ያለ ቱርቦም ከቱርቦ ጋርም ተሠርቷል። እንዲህ ያለ ወንድም ያለው ሞተር ፒስተኑን፣ ጓርኒሲዮኑን፣ የዘይት ማቀዝቀዣውንና ፖምፓውን ከወንድሙ ቢወስድ፣ ፋብሪካው በገንዘቡ የሞከረውን ስሌት በነፃ ያገኛል።

ከሪቲፊካ ሲመለስም የሚመረመር ነገር አለ። በናፍታ ሞተር የጓርኒሲዮኑ ውፍረት የሚመረጠው ፒስተኑ ከብሎኩ በላይ በሚወጣበት መጠን ነው። ብሎኩ ተጠርቦ፣ ወይም ቀጭን ጓርኒሲዮን ገብቶ ክፍተቱ በ0.2 ሚሊ ሜትር ቢጠብ፣ ቀደም ብለን ያየነው የ18.6 ምጣኔ ወደ 19.2 ይወጣል። ባለንብረቱ ዝቅ ያለ እመቃ ያለው ፒስተን ገዝቶ፣ ጥራቢው ሳያውቅ መልሶ ከፍ ሊያደርግበት ይችላል ማለት ነው።

ነገሩ በቤንዚን መኪና ላይ ይበልጥ ይጠነክራል። ቤንዚን ከመጠን በላይ ሲታመቅ ያለ ጊዜው ይፈነዳል። ከፍታ ላይ የማይሰማ የሞተር ኩኳታ ቆላ ሲወርዱ ይሰማል። ለዚህም ነው ሱፐርቻርጀር የሚገጠምላቸው የቤንዚን ሞተሮች ብዙውን ጊዜ ምጣኔያቸው በ8 እና በ9.5 መካከል የሚደረገው።

ገንዘቡ ቅድሚያ የት ይዋል?

ሶማሌ ተራ የገባ ሰው ዓይኑ መጀመሪያ የሚያርፈው በሚያብለጨልጨው ቱርቦ ላይ ነው። የወጪው ቅደም ተከተል ግን ሌላ ነው።

መጀመሪያ የማቀዝቀዣው ክፍል ነው። የተደፈነ ራዲያተር፣ የተበላ የውሃ ፖምፓና የላላ የቬንትሌተር ቺንጋ ይዞ ቱርቦ መግጠም በሚነድ ቤት ላይ ጭድ እንደ መጨመር ነው።

ሁለተኛ ዘይቱ ነው። ቱርቦው የሚሽከረከረው በዘይት ላይ ተንሳፎ ነው። ንጹሕ መስመር፣ በቂ ግፊትና የዘይት ማቀዝቀዣ ያስፈልገዋል። ዘይቱ የሚቀየርበት ጊዜም ያጥራል። ሾፌሩ የደጀንን ወይም የጎሐ ጽዮንን አቀበት እንደጨረሰ ሞተሩን ወዲያው ማጥፋት የለበትም። ሁለት ሦስት ደቂቃ በባዶ ዙር ይተወው። በጋለ ቱርቦ ውስጥ የቆመ ዘይት ይከስላልና።

ሦስተኛ የጭስ ሙቀት መለኪያ ነው። ዋጋው ከቱርቦው ሲነጻጸር ትንሽ ነው። ከቱርቦው በፊት ያለው የጭስ ሙቀት ለረጅም አቀበት ከ700 ዲግሪ ሴንቲግሬድ እንዳያልፍ መጠበቅ በብዙ ዘንድ የተለመደ ልክ ነው። ሾፌሩ ቁጥሩን አይቶ ማርሽ ይቀንሳል፣ እግሩንም ያነሳል። ሳይቃጠል በቅጠል ማለት ይህ ነው።

አራተኛ ፖምፓው ነው። ቱርቦ ያለው ፖምፓ ናፍታውን በአየሩ ልክ የሚመጥን መቆጣጠሪያ አለው። ቱርቦ ተገጥሞ ፖምፓው ባይነካ ጭሱ ይቀንሳል፣ ሞተሩም ይቀላል። ፖምፓው ያለ ልክ ቢከፈት ግን ጉልበት ተገዝቶ ሞተር ይሸጣል። ቆጥ አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የተባለው በእርሱ ይደርሳል።

አምስተኛው ኢንተርኩለር ነው። ይህም በግፊቱ ልክ ይወሰናል። ሩብ ባር ብቻ ከተጨመረ አየሩ በ20 ዲግሪ ገብቶ በግምት በ56 ዲግሪ ይወጣል፤ ኢንተርኩለሩ ለጊዜው ሊቆይ ይችላል። ግፊቱ 0.75 ባር ከሆነ ግን አየሩ ከ100 ዲግሪ በላይ ግሎ ይገባል። በዚህ ጊዜ ኢንተርኩለር ቅንጦት መሆኑ ይቀራል።

ፍሬንና ፍሪሲዮን በዚህ ዝርዝር ውስጥ ያልገቡት ተረስተው አይደለም። ለእነሱ የሚወጣው ገንዘብ በምርጫ የሚወሰን ስላልሆነ ነው። ቱርቦ አቀበቱን ያቀልላል እንጂ ቁልቁለቱን አያቀልልም።

ያዋጣል ወይ?

አንድ የተለመደ ስሕተት አለ። ቱርቦ የሚገዛው ለፍጥነት ነው የሚል። ጠቅላላ ክብደቱ 10 ቶን የሆነ መኪና 20 ኪሎ ሜትር በሚሆን መንገድ 1,400 ሜትር ሽቅብ ሲወጣ እናስላ። ጎማው ላይ የሚደርሰው 60 የፈረስ ጉልበት ከሆነ 58 ደቂቃ ገደማ ይፈጅበታል። 80 ከሆነ 44 ደቂቃ ያህል ይበቃዋል። ትርፉ ሩብ ሰዓት እንኳ አይሞላም። ለሩብ ሰዓት ብሎ ሞተር የሚያሻሽል ነጋዴ ሂሳብ አልሠራም። ጭነት ለመጨመር ብሎ የሚያሻሽልም እንዲሁ፤ የተፈቀደው ክብደት ከሞተሩ ጋር አያድግምና።

ትርፉ በናፍታና በሞተሩ ዕድሜ ነው የሚገኘው። ዋጋው ስለሚለዋወጥ ሂሳቡን በብር ሳይሆን በሊትር ብንሠራው ይሻላል። ለምሳሌ ያህል ደርሶ መልሱ 600 ኪሎ ሜትር ቢሆን፣ መኪናው በ100 ኪሎ ሜትር 25 ሊትር ቢጠጣ፣ አንድ ጉዞ 150 ሊትር ይፈልጋል። ማሻሻያው ከዚህ 8 በመቶ ቢያድን 12 ሊትር ነው። የማሻሻያው ወጪ ከ1,200 ሊትር ናፍታ ዋጋ ጋር እኩል ከሆነ በ100 ጉዞ ይመለሳል። በወር አራት ጊዜ ለሚመላለስ ሁለት ዓመት ከአንድ ወር ማለት ነው። በወር ሁለት ጊዜ ብቻ ለሚመላለስ ከአራት ዓመት ያልፋል። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ በአማራ ክልል በተቀሰቀሰው ግጭት መንገድ በተዘጋባቸው ጊዜያት ቆመው የከረሙ መኪኖች ባለቤቶች ይህ ልዩነት ምን ማለት እንደሆነ ያውቁታል። ቆሞ የዋለ መኪና ናፍታ አይጠጣም፣ አያድንምም። እያንዳንዱ ባለንብረት የራሱን አራት ቁጥሮች በእነዚህ ቦታ ተክቶ ይመልከት፦ የጉዞ ርቀት፣ የናፍታ ፍጆታ፣ የማሻሻያ ወጪና በወር የሚደረግ ምልልስ።

ለገዢና ለደላላ

"ቱርቦ ተገጥሞለታል" የሚለው ቃል በሽያጭ ጊዜ ዋጋ ማስጨመሪያ ሆኖ ይቀርባል። ገዢው ግን አራት ጥያቄ ያቅርብ። የገባው ፒስተን የቱርቦው ነው ወይስ የነባሩ? የጓርኒሲዮኑ ውፍረት በምን ተመረጠ? ግፊቱ ስንት ባር ላይ ነው የተሠራው፣ የታየውስ የት ነው? ሞተሩ ተቀይሮ ከሆነ ቁጥሩ ከሊብሬው ጋር ይገጥማል? የመጨረሻው ጥያቄ ለቦሎም ለመድንም ይፈለጋል። ለአራቱ መልስ የሌለው መኪና ቱርቦው ዋጋ ሊቀንስበት እንጂ ሊጨምርበት አይገባም።

የሙከራው ቦታም ይታሰብበት። ደብረ ወርቅ ዋና መንገድ ላይ አንድ ዙር ተነድቶ የሚታረቅ ዋጋ ለሻጩ ይመቻል። ሁነኛው ሙከራ ማለዳ በብርድ ማስነሳት፣ ከዚያም ጭኖ በረሃውን ወርዶ መውጣት ነው። ማለዳ በአንድ ቁልፍ የተነሳ፣ ቀትር ላይ ከድልድዩ ጎሐ ጽዮን ድረስ የሙቀት መለኪያው ሳይናወጥ የወጣ ሞተር፣ እመቃውም ግፊቱም በልኩ ተሠርቷል። የቀብድ ገንዘብ ከኪስ መውጣት ያለበት ከዚያ በኋላ ነው።